ሐይቁን ያላዩት ሹፌር

ሽማግሌው ሠላሳ አራት ዓመት አገር አቋራጭ አውቶቡስ ነድተው ጡረታ ከወጡ ገና አራተኛ ወራቸው ነበር። ሥራ ፈቶ መቀመጥ አልሆነላቸውም። ማንም ሳይቀሰቅሳቸው በማለዳ ይነቃሉ፣ ጫማቸውን ወልውለው ያጠልቃሉ፣ ከዚያ የሚሄዱበት እንደሌለ ትዝ ሲላቸው አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጣሉ። አንድ ጠዋት እንዲሁ እንደተቀመጡ ስልካቸው ጮኸ። ልጃቸው ነበረች።

ልጃቸው የመድኃኒት ባለሙያ ናት። ከመስታወት ጀርባ ቆማ ቀኑን ሙሉ «በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ» ስትል ትውላለች። ባሏ የኤሌክትሪክ መስመር ሠራተኛ ነው። አራት ዓመት ተኩል የሆናት አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው፤ ስትሄድም ስትበላም ስታወራም ስለምትዘል ቤተሰቡ ሁሉ ድንቢጥ ነው የሚላት። ሦስቱ አብረው ለእረፍት ወጥተው አያውቁም። እሷ ፈቃድ ስታገኝ እሱ አያገኝም፣ እሱ ሲያገኝ እሷ አታገኝም። ዘንድሮ እንደምንም አገጣጥመው ሐይቅ ዳር ካለ አንድ እንግዳ ማረፊያ ክፍል ያዙ፣ ትኬት ቆረጡ። ሊሄዱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ መጥቶ የኤሌክትሪክ ምሰሶዎች ጣለና የባልየው ፈቃድ ተሰረዘ።

«ድንቢጥ ሻንጣዋን ከሸከፈች ሳምንቷ ነው» አለች ልጃቸው በስልክ። «ብቻዬን ደግሞ እሷንም ዕቃውንም አልችለውም። እና… ሥራ ከሌለብዎት ብዬ ነው።»

«ምን ሥራ አለብኝ?» አሉ ሽማግሌው። ስልኩን ከዘጉ በኋላ ጫማቸውን አውልቀው እንደገና ወለወሉት።

አባትና ልጅ ተጣልተው አያውቁም፤ ግን ተጫውተውም አያውቁም። እሷ በልጅነቷ አባቷ ቤት ውስጥ እንደ እንግዳ ነበሩ። አንድ ቀን ያድራሉ፣ ሁለት ቀን የሉም። ሲመጡ እናቷ «ዝም በይ፣ አባትሽ ደክሞታል» ትላታለች፣ ልጅቷም ዝም ትላለች። እናቷ ባስተማረቻት መሠረት አባቷን «እርስዎ» እያለች አደገች። እናቷ ካረፈችም በኋላ ያው እርስዎ እንደሆኑ ቀሩ። ድንቢጥ ግን ይህን ሁሉ አታውቅም። አፏን ከፈታችበት ቀን ጀምሮ አያቷን «አንተ» ትላቸዋለች፣ ትከሻቸው ላይ ወጥታ ጆሯቸውን እንደ መሪ ታዞራለች።

የጉዞው ዕለት ወንበራቸው መሃል አካባቢ ነበር። ድንቢጥ መስኮቱን ያዘች፣ እናቷ አጠገቧ፣ ሽማግሌው ከመተላለፊያው ማዶ። ሠላሳ አራት ዓመት የነዱ ሰው ተሳፋሪ ሆነው ረጅም መንገድ ሲሄዱ የመጀመሪያቸው ነው። ኩርባ በመጣ ቁጥር ቀኝ እግራቸው ወለሉን ይረግጣል። ዳገቱ ላይ «አሁን ማርሽ ይቀየር ነበር» አሉ ለራሳቸው። ልጃቸው ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች።

ሁለት ሰዓት ያህል እንደተጓዙ ድንቢጥ ዝም አለች። ድንቢጥ ዝም ካለች አንድ ነገር አለ ማለት ነው። እናቷ ላስቲክ ፍለጋ ቦርሳዋን ስታተራምስ ሽማግሌው የልጅቷን ፊት አንዴ አዩና እጃቸውን ዘረጉ። «ወደ እኔ ስጪኝ። በጎን በኩል አትይ የኔ ልጅ፣ ወደ ፊት፣ ሩቅ ሩቅ እይ…» ብለው ሳይጨርሱ ጠዋት የበላችው እንቁላል በሙሉ የተወለወለው ጫማቸው ላይ አረፈ።

«ወይኔ! ይቅርታ አባዬ፣ ይቅርታ…» እናትየው ተሳቀቀች።

«ለምን ይቅርታ ትይኛለሽ? በዚህ ሥራ ስንቱን ጠርጌያለሁ» አሉና በወረቀት አበስ አበስ አድርገው ልጅቷን አቅፈው ወደ ፊት ሄዱ። ከሹፌሩ ጀርባ ያለውን ወንበር የያዘው ወጣት አይቷቸው ተነሣላቸው።

ሹፌሩ ጥቁር መነጽር ያደረገ ጎልማሳ ነው። በመስታወት አያቸውና «አባት፣ ሹፌር ነበሩ አይደል?» አለ።

«በምን አወቅህ?»

«ከተነሣን ጀምሮ ከእኔ ቀድመው ፍሬን ይይዛሉ። በመስታወት ሳይዎት እኮ እኔም እግሬ ተሳሰረ!»

ፊት ለፊት የተቀመጡት ሁሉ ሳቁ። ሽማግሌውም ሳቁ። ድንቢጥ አየር ስታገኝ ፊቷ ተመለሰ፣ ምላሷም ተመለሰ።

«አባባ፣ ሐይቁን ታውቀዋለህ?»

«ስንቴ መጥቻለሁ!»

«ከቤታችን ይበልጣል?»

«ይበልጣል እንጂ።»

«ምን ይመስላል?»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ወደ መንገዱ መለሱ። «ስንደርስ ታይዋለሽ» አሉ።

ከምሳ በኋላ ደረሱ። አውቶቡስ መናኸሪያው ውስጥ ሻንጣቸውን ተቀብለው ሲቆሙ ልጃቸው «እንግዲህ አገሩን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፤ ይምሩን» አለቻቸው። ማረፊያው ሐይቁ አፍ ላይ ነው ተብላለች። ሽማግሌው ሻንጣውን አንሥተው ፊት ፊት ሄዱ። የመናኸሪያውን አጥር ዞሩ፣ በጋራዡ በኩል አለፉ፣ የውሃ ቧንቧ ጋ ሲደርሱ እጃቸውን ዘርግተው «ይህች ቧንቧ ዛሬም አለች!» አሉ። ከዚያ ወዲያ ግን እርምጃቸው ዘገየ። ወደ ግራ ታጠፉ፣ መጋዘን ነው። ወደ ቀኝ ታጠፉ፣ ግንብ ነው። ድንቢጥ እናቷ ጀርባ ላይ ተንጠልጥላ «ሐይቁ የት ጠፋ?» ትላለች።

በመጨረሻ ልጃቸው ብስክሌት የሚጠግን ሰው ጠየቀች። ሰውየው ቁልፉን እንደያዘ በተቃራኒው አቅጣጫ ጠቆመ። «ሐይቁማ በዚያ ነው! የአምስት ደቂቃ መንገድ። እናንተ እኮ ጀርባ ሰጥታችሁት ነው የምትሄዱት።»

«ከተማው ተለዋውጧል» አሉ ሽማግሌው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው።

ክፍሉ ሁለት አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛና መዝጊያው የማይገጥም መታጠቢያ ቤት ነበረው። ሙቅ ውሃው ለአሥር ደቂቃ ይመጣና ይጠፋል፤ መጀመሪያ የገባ ይታጠባል፣ ሁለተኛ የገባ ይጮኻል። የዚያን ዕለት ሁሉም ደክሟቸው ስለነበር ዳቦና ሻይ ቀማምሰው ገና ሳይጨልም ተኙ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሐይቁ ወረዱ። ድንቢጥ እየዘለለች ሄዳ ውሃው ጫፍ ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች። ትንሽ ሞገድ መጥታ እግሯን ልትነካ ስትል ጩኸቷን ለቀቀችው።

«ይመጣብኛል! እማዬ፣ ለምንድነው ዝም ብሎ የማይቀመጠው?»

ለሳምንት ስትዘጋጅ የከረመችበት ሐይቅ እንዲህ የሚንቀሳቀስ ነገር መሆኑን ማንም አልነገራትም። እናቷ ብትለማመጣት፣ እጇን ብትይዛት፣ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ አሸዋ ላይ ቁጭ ብላ ቤት መሥራት ጀመረች። ሽማግሌው ደግሞ ከላይ፣ ሣሩ ላይ፣ ጫማቸውን እንዳደረጉ ተቀምጠዋል። ወደ ውሃው አንዲት እርምጃ አልቀረቡም።

«እማዬ፣ ለቤቴ አጥር ድንጋይ ስጪኝ» አለች ድንቢጥ። «አባባ ያመጣልሽ እንደነበረው ዓይነት።»

እናትየው ለልጇ ብዙ ጊዜ ነግራታለች። ትንሽ ሳለች አባቷ ከሐይቅ በተመለሱ ቁጥር ከኪሳቸው አንዲት ጠጠር አውጥተው ይሰጧታል። አንዷ ነጭ፣ አንዷ ቀይማ፣ አንዷ መስመር ያላት። የጫማ ካርቶን ሙሉ ነበራት። እሷም ተነሥታ ዳርቻውን ይዛ ድንጋይ ፍለጋ ሄደች። ብዙ ሄደች። አሸዋ ነው፤ ከአሸዋው ወዲያ ሸምበቆ ነው፤ ከሸምበቆው ወዲያ ጭቃ። ጀልባውን ገልብጦ ቀለም የሚቀባ አንድ ሰው አገኘችና ድንጋይ የት እንደሚገኝ ጠየቀችው።

«ድንጋይ?» አለ ጀልበኛው ብሩሹን አቁሞ። «እዚህ ተወልጄ ነው ያረጀሁት፣ በዚህ ዳርቻ ጥፍር የምታህል ድንጋይ አይቼ አላውቅም። ጠጠር ከፈለግሽ መናኸሪያው ጋ ነው። ለመንገድ የሚያፈሱት ክምር አለ።»

ተመልሳ ሣሩ ላይ ወጣች። አባቷ ፊት ቆመች።

«አባዬ፣ እነዚያ ድንጋዮች ከየት ነበሩ?»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። ሊዋሹ ፈልገው ነበር፤ ምላሳቸው እምቢ አለ።

«ከመናኸሪያው» አሉ። «ከጠጠር ክምሩ። እየመረጥኩ።»

«ሐይቁ ጋ አልወረዱም?»

«አልወረድኩም።»

«አንድም ቀን?»

«አንድም ቀን። ዛሬ ነው ያየሁት።»

እዚያው ተቀመጠች። ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፣ ግን ይንቀጠቀጣል። «እኔ እኮ ትርፍ አንጀቴን ስታመም ተኝቼ ምን አስብ እንደነበር ያውቃሉ? ‹አባቴ አሁን እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ የተጠበሰ ዓሣ እየበላ ነው› እል ነበር። የትምህርት ቤት ሽልማት ቀን፣ እማዬ የታመመች ጊዜ፣ ሁልጊዜ። በዚህ ሐይቅ የተነሣ ስንት ጊዜ እንደጠላሁዎት!»

«እንደዚያ ማሰብሽን አላወቅኩም።»

«ለምን አልነገሩኝም ታዲያ?»

«አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ በራፉ ላይ ለጓደኞችሽ ‹አባቴ ሐይቅ ደርሶ መጣ› ስትያቸው ሰማሁ። ደረትሽን ነፍተሽ። እኔ የመጣሁት ጎማ ከመፍታት ነው። ምን ልበልሽ? ከሚቀጥለው ጉዞ ድንጋይ አመጣሁልሽ።»

ወርዳ ልጇን አንሥታ አሸዋውን ከእግሯ አራገፈች። በዚያ ቀን ምሳም እራትም በዝምታ ተበላ። ድንቢጥ ሹካዋን ይዛ አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን እያየች «ተኮራርፋችኋል?» አለች። «አልተኮራረፍንም» አሉ ሁለቱም፣ እኩል፣ ሳይተያዩ።

ሦስተኛው ቀን ጠዋት እንደገና ወረዱ። የት ይሄዳሉ? ለዚሁ ነው የመጡት። እናትየው ፎጣ አንጥፋ ተቀመጠች፣ መጽሐፍ ገለጠች፣ አንድ ገጽ ላይ ቆየች። ሽማግሌው ከላይ ከሣራቸው ወርደው ዛሬ አሸዋው ላይ ተቀምጠዋል፤ ከልጃቸው አምስት እርምጃ ያህል ይርቃሉ። ድንቢጥ ውሃው ዳር ቁማ ሐይቁን ስታወራው ቆየችና ድንገት አንድ እግር ሰንደሏን አውልቃ ወረወረችለት።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለች እናቷ።

«ጫማዬን ሰጠሁት፣ ዝም እንዲል።»

ሐይቁ ጫማውን ተቀበለ፣ ዝም ግን አላለም። ቀይዋ ሰንደል ከፍ ዝቅ እያለች ወደ ውስጥ ስትሄድ ድንቢጥ ስጦታው ቆጫት። አፏን ከፍታ ማልቀስ ጀመረች። አዲስ ጫማ ነው፤ አባቷ ለጉዞው ብሎ ያመጣላት ነው።

ሽማግሌው ተነሡ። ጫማቸውን አወለቁ፣ ካልሲያቸውን አጣጥፈው ጫማው ውስጥ ከተቱ፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቀለሉና ገቡ። ነጫጭ ባታቸው ፀሐይ ነክቷቸው አያውቅም። አንድ እርምጃ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሰንደሏ ልትያዝ ትንሽ ሲቀራት ታችኛው ጭቃ ከዳቸው። ሁለቱ እጆቻቸው አየሩን ጨበጡ፣ ከዚያ ራሳቸው ውሃ ውስጥ ገባ።

እናትየው መጽሐፉን የት እንደወረወረችው አታውቅም። ቀሚሷን እንደለበሰች ገባች። እሷም ዋና አታውቅም፤ ያ ግን ያን ጊዜ ትዝ አላላትም። «አባዬ! እጅህን! እጅህን ስጠኝ! አንተ ሰውዬ፣ ያዘኝ!» የሸሚዛቸውን ኮሌታ ያዘች፣ እሷም አዳለጣት፣ አብረው ተንከባለሉ። አንዱ ሌላውን ለማዳን ወደ ላይ ይጎትታል፣ የተጎተተው ጎታቹን ያሰምጣል።

ከወዲያ በኩል ጀልበኛው መቅዘፊያውን ይዞ እየሮጠ መጣ። «ቁሙ!» ይላል። «ኧረ ቁሙ! ዝም ብላችሁ ቁሙ! ወገብ አይደርስም!»

ቆሙ። ውሃው በእርግጥም ከወገብ በታች ነበር። አባትና ልጅ ተያይዘው፣ ጸጉራቸው ላይ የውሃ ሣር ተንጠልጥሎ፣ እያሳሉ ተያዩ። ዳር ላይ ድንቢጥ ልቅሶዋን ረስታ ታጨበጭባለች። «ድገሙት!» ትላለች።

መጀመሪያ የሳቁት ሽማግሌው ናቸው። ልጃቸውም ሳቀች፤ ግን ሳቋ መሃል ላይ ተለወጠ። ትከሻቸውን ይዛ ነቀነቀቻቸው።

«ለአንድ ጫማ? ለአንድ እግር ጫማ ልትሞትብኝ ነው? ምን አስበህ ነው የገባኸው? ልብህ ቢቆምስ? ምን ላደርግ ነበር እኔ?»

ጮክ ብላ እንደ ሕፃን ስትቆጣቸው ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ጀልበኛው ሰንደሏን በመቅዘፊያው አውጥቶ ለድንቢጥ ሰጣትና የቤተሰብ ጉዳይ ነው ብሎ ዘወር አለ።

«እማዬ አባባን አንተ አለችው!» አለች ድንቢጥ፣ ትልቅ ጥፋት እንዳገኘ ሰው።

እናትየው እጇን አፏ ላይ አደረገች። ፊቷ ቀላ።

«ተዪያት» አሉ ሽማግሌው። «ጥሩ ነው። ለእኔ ተመችቶኛል።»

ከዚያ ፎጣውን ተከናንበው ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። አንድ ፎጣ ብቻ ስለነበር ተጠጋግተው ነበር የተቀመጡት። ድንቢጥ የተገኘችውን ጫማ ለሐይቁ እያሳየች «እንኳን መለስክልኝ» ትለዋለች። ልጃቸው የውሃ ሣሩን ከጸጉሯ እየለቀመች «እዚህ ስትደርስ ምን ታደርግ ነበር?» አለች።

«አውቶቡሱ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር የሚቆመው» አሉ ሽማግሌው። «ጎማ አያለሁ፣ ዘይት አያለሁ። መስታወቱን ከዚያች ቧንቧ ውሃ ቀድቼ አጥባለሁ። ውስጡን እጠርጋለሁ፤ ልጆች የያዘ አውቶቡስ ምን እንደሚመስል ከትናንት ወዲያ አይተሻል። ቁሜ ዳቦዬን እበላለሁ። ጊዜ ከተረፈኝ መሪው ላይ ደፋ እላለሁ። ሰዎቹ ከሐይቁ ሲመለሱ ጸጉራቸው እርጥብ ነው፣ ፊታቸው በፀሐይ ቀልቷል፣ ልጆቻቸው እያንቀላፉ ነው። በመስታወት አያቸው ነበር።»

«አንድ ጊዜ እንኳ ብቅ ብለህ ብታይ ምን ነበረበት? የአምስት ደቂቃ መንገድ እኮ ነው።»

«ብዘገይስ? ሃምሳ ሰው ይጠብቀኛል። ደግሞ…» ወደ ውሃው አዩ። «ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፣ ውሃ እፈራለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ።»

«እኔም» አለች ልጃቸው።

«እኔም!» አለች ድንቢጥ ከውሃው ዳር፤ ጆሮዋ የማይሰማው ነገር የለም።

ከሰዓት በኋላ ጀልበኛው ራሱ መጣ። እንደዚህ ያለ ቤተሰብ በሥራ ዘመኑ እንዳልገጠመው ነገራቸው። «ነገ ጠዋት ሦስታችሁንም ላስተምራችሁ» አለ። «ለእናንተ ብዬ አይደለም። በጉልበት ውሃ ሰው ሞተ ከተባለ የእኔ ስም ነው የሚጠፋው።»

በማግስቱ ጀልባውን ዳር ላይ አቁሞ ገመድ አሠረለትና ሦስቱን ገመዱን አስያዛቸው። ድንቢጥ መጀመሪያ አያቷ አንገት ላይ እንደ ቅርጫት ተንጠልጥላ ነበር። ቀስ በቀስ እግሯ ነካ፣ ከዚያ ጉልበቷ፣ ከዚያ ሆዷ ቀዝቅዟት አንድ ጊዜ ጮኸች። ሽማግሌው ግን ገመዱን በሁለት እጃቸው ጨምቀው ይዘዋል። «አባት፣ መሪ አይደለም፣ ይልቀቁት» ይላቸዋል ጀልበኛው። ልጃቸው መዳፏን ከጀርባቸው በታች አድርጋ «ይዤሃለሁ፣ ተኛ፣ ሰማዩን እይ» አለቻቸው። ተኙ። እስከ አምስት ወይም ስድስት ድረስ እንኳ ለመቁጠር በማይበቃ ጊዜ ተንሳፈፉና በድንጋጤ ተቀመጡ። ያም ቢሆን ተንሳፈፉ። ድንቢጥ ስድስት ጊዜ አስደገመቻቸው።

ማታ አባቷ ሲደውል ድንቢጥ ስልኩን ነጥቃ ታሪኩን በራሷ መንገድ አወራች፦ አያቷ ሰጠሙ፣ እናቷ ሰጠመች፣ እሷ ግን አልሰጠመችም፣ ሐይቁ ጫማ በልቶ መለሰ። ባልየው ደንግጦ «ምን ሆናችሁ? እናትሽን አገናኚኝ!» ሲል እናትየው ስልኩን ተቀብላ መናገር አቅቷት መሳቅ ብቻ ሆነ።

በአምስተኛው ቀን ተመለሱ። ፊት ለፊት ያለውን ወንበር ቀድመው ያዙ። ድንቢጥ ከተማዋን ሳይወጡ እንቅልፍ ወሰዳት፤ ጭንቅላቷ እናቷ ላይ፣ እግሯ አያቷ ጭን ላይ። ጸጉሯ ገና አልደረቀም። ዳገቱን ሲጀምሩ ልጃቸው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች።

«ደርሰህባቸው ያላየሃቸው ሌሎች ቦታዎች የት የት ናቸው?»

ሽማግሌው በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር። ፍል ውሃ ወዳለበት ከተማ ስምንት ዓመት ተመላልሰዋል፤ እንፋሎቱን ከሩቅ ነው የሚያውቁት። ፏፏቴው አለ፤ ድምፁን ከመናኸሪያው ይሰሙት ነበር። ድንበሩ ላይ ያለችው ከተማ ትልቅ የእንስሳት ማቆያ አላት ይባላል፣ ዝሆን ያለበት።

«ዝሆን?» አለች ልጃቸው። «አየኸው?»

«ሰዎቹ ሲያወሩ ሰምቻለሁ።»

ሞባይሏን አውጥታ የሚቀጥለውን ዓመት ቀን መቁጠሪያ ከፈተች። ሽማግሌው እግራቸው ደንዝዞ ነበር፤ ድንቢጥ እንዳትነቃባቸው ብለው ግን አልተንቀሳቀሱም። ልጃቸው ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዘንብላ በየትኛው ወር መንገዱ እንደሚመች ጠየቀቻቸው፣ እሳቸውም ዝናቡ የሚያቆምበትን፣ ዳገቱ የማያንሸራትትበትን ወር እየነገሯት ሄዱ።